ወይራና ውስጠ ወይራ

ወደ ሰቆጣ የሄድኩት ስለ ወይራ ልጽፍ አልነበረም። የሄድኩት ከከተማዋ አጠገብ ከአለት ስለተፈለፈለው ስለ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንና እዚያው ስላረፉት የጥንት ዋግሹሞች አንድ ነገር ለመጻፍ ነበር። ከአዲስ አበባ ስነሳ ግን እናቴ በር ድረስ ሸኝታኝ አንድ አደራ ጨመረችበት። «ስትመለስ ወይራ አምጣልኝ። እዚህ የሚሸጡልን ጢሱም ጢስ አይደለም፣ ጋኑም አይታጠንበት» አለችኝ። የማኅበር ተራዋ ደርሶ ነበርና ጠላ መጥመቅ ነበረባት። እኔም «ወይራ ነው እንጂ ወርቅ አይደለም» ብዬ እሺ አልኳት።

ሰቆጣ በገበያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያያት ሰው ደስ ትላለች። ማሩ፣ ፍየሉ፣ እህሉ፣ ከቆላ የወጣው ዕጣን፣ በአማርኛና በኽምጣንጋ እየተቀላቀለ የሚጦፈው ክርክር ልብን ይስባል። በአንድ ጥግ የእንጨት እስር የዘረጉ ሴቶችን አየሁና ወይራ እንዳላቸው ጠየቅሁ። አንዲት ልጅ እግር ሻጭ ከኬሻ ስር ጥቁር ቡኒ፣ ጠምዛዛ፣ አፈር ያልለቀቀው ጉማጅ አወጣችልኝ። ሸተትኩት፤ ወይራ ነው። ሳልከራከር ገዛሁ። የአዲስ አበባ ሰው በመሆኔ ርካሽ መስሎኝ ነበር።

ማታ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት እናት፣ ዕድሜ የጠገቡ ሴት፣ እስሩን አዩትና አንዱን ጉማጅ አንስተው በመዳፋቸው አገላበጡት።

«ልጄ፣ ምን ብለህ ገዛኸው?»

«ወይራ ብዬ ነዋ እማማ።»

«ወይራስ ወይራ ነው። ግን ቅርንጫፍ መሰለህ? ሥር ነው እኮ።»

«ጢሱ ይለያል እንዴ?»

«ጢሱማ እንዲያውም ይበረታል። ነገሩ ጢሱ አይደለም። ሥር ከሸጡልህ ቅርንጫፉም ግንዱም አልቋል ማለት ነው።»

መቼም አንዳንድ ንግግር አለ፣ ሰምቶ ለመተኛት የማይመች። ስለ ነገሥታት ልጽፍ የሄድኩት ሰውዬ ከዚያች ማታ ጀምሬ የምጠይቀው ስለ ዛፍ ሆነ።

*

ወይራ ለደገኛ ምኑ እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ያደርኩበትን ቤት መቃኘት በቂ ነበር። መሐል ቤቱን የተሸከመው ምሰሶ ወይራ ነው። በባለቤቱ አባት ጊዜ የቆመ ነው፤ ምስጥ አልደፈረውም። በር ሥር የተደገፈው ዱላ ወይራ ነው፤ ቅቤ እየጠጣ፣ እጅ እያሻሸው እንደ መስተዋት ያበራል። ዘነዘናው ወይራ ነው። ከእርሻው ዕቃ ድግሩ ወይራ ነው፤ ከማረሻው ግራና ቀኝ ሆኖ ድንጋያማውን አፈር የሚገፋው እሱ ነውና ለስላሳ እንጨት አይችለውም። ልጁ ጠዋት ጥርሱን የሚፍቅበት ወይራ ነው። ካህኑ ጎረቤት ሌሊቱን ቆሞ የሚያድርበት መቋሚያ ወይራ ነው።

የእናቶቹም ሥራ ያለ እሱ አይሆንም። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ከታጠበ በኋላ በሚጨስ ወይራ ላይ ይደፋል፤ ጢሱ እንስራው ውስጥ ተኝቶ ይጠጣዋል። ጠላው ሲጠመቅ ያ ጢስ ወደ ጠላው ይገባል። የወተቱም ዕቃ እንዲሁ ይታጠናል። የታጠነ ዕቃ ወተቱን ቶሎ አያበላሽም፤ ሽታውም ቤቱን የሚያስከብር ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ዓይኑን ጨፍኖ የእናቱን ቤት ሊያስታውስ ቢፈልግ መጀመሪያ የሚመጣለት ሽታ ይኸው ይመስለኛል።

ወይራ ቤተ ክህነት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። የቅኔ ተማሪ ሁሉ ሰምና ወርቅን ያውቃል፤ ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይወጣል። ከቅኔ መንገዶች አንዱ ግን «ውስጠ ወይራ» ይባላል። ሰቆጣ ያገኘኋቸውን አንድ የኔታ ለምን በወይራ ስም እንደተጠራ ጠየቅኋቸው። መልሳቸው አጭር ነበር። «ወይራን ከውጭ ስታየው ልጡ አመድ ነው። ብትፈልጠው ልቡ ሌላ ነው፤ ጥቁርና ቀይ ጅማት የሄደበት ነው። ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን አልተቀመጡም፤ አንዱ የሌላው ሆድ ውስጥ ነው። የፈለጠ ብቻ ያየዋል።»

አንባቢ ይህን ቃል ልብ ይበልልኝ። ኋላ እንፈልገዋለን።

*

ዛፉ በሳይንስ ሚዛን ሲታይ የአውሮፓው ዘይት የሚጨመቅበት ወይራ የቅርብ ዘመድ፣ እንዲያውም የዚያው ዝርያ ንዑስ ክፍል ነው። ፍሬው ትንሽ በመሆኗ ለዘይት አልታደለም። አገሩ ሰፊ ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካና በዓረብ ምድር በኩል እስከ ፓኪስታንና ቻይና ድረስ ይገኛል። በእኛ አገር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,250 እስከ 3,100 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይበቅላል። ሰቆጣ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናትና ከወይራ አገር መሐል ላይ ናት ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ከበረሃ ተቆርጦ በመልካሙ ወይራ ላይ ስለተቀጠለው የዱር ወይራ ሲናገር ሰምቶ የዋግ ገበሬ የራሱን ተራራ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ለመሆኑ ይህ ተራራ ድሮ ደን ነበር?

የዚህ ጥያቄ አንዱ ምስክር ድንጋይ ነው። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ ሲኬድ በቢልባላ በኩል ገብቶ ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በዋሻ ውስጥ የቆመው ያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የነጣ ድንጋይ እየተደራረበ የተሠራ ነው። ከአክሱም ዘመን የወረደ የአናጺና የግንበኛ ጥበብ ነው። በዙሪያው ያለው የጽድ ደን ዛሬም የሚያስደንቅ ነው። ከዚያ ወደ ላሊበላ ወርዶ ቤተ አማኑኤልን ላየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይታየዋል። አለቱን የፈለፈሉት ጠራቢዎች የእንጨቱን ረድፍ በድንጋይ ቀርጸውታል። በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ እንኳ የእንጨት ጫፍ የሚመስል ድንጋይ ወጥቶ ይታያል። ድንጋይ እንጨትን ሲመስል ማየት ግሩም ነው። ጠራቢዎቹ ቤት ማለት በግንድ የታሰረ ነገር እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ግንድ በማያስፈልግበት ቦታ እንኳ ግንድ ቀረጹ። ይህን የሚያደርግ ሕዝብ ከትልልቅ ዛፎች ጋር የኖረ ሕዝብ ነው።

ከዛጉዌ ነገሥታት እንወርዳለን የሚሉት ዋግሹሞች ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ይህን አገር ገዝተዋል። ሰቆጣ መቀመጫቸው ነበረች። የአፋር አሞሌ ጨውም ወደ መሐል አገር ሲጓዝ የሚያርፍበት ገበያ ነበረች። ከተማ፣ ገበያና ቅፍለት ካለ ምድጃ አለ፤ ምድጃ ካለ ደግሞ እንጨት ይነዳል። ስለዚህ የዋግ ደን የጠፋው ትናንት ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የሚከብድ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ይህንኑ ያጠናክራል፤ ምስክሩ የእንግሊዝ ጦር ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የናፒየር ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ አድርጎ የዋግንና የላስታን ተራሮች እያቋረጠ ወደ መቅደላ ሄዷል። ያኔ የዋግ ጌታ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ደግሞ ዐድዋ አጠገብ በካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በተባሉት፣ ድል ሆኑ። የናፒየር ሠራዊት መድፍ ብቻ ሳይሆን ፎቶግራፍ ማንሻም ይዞ ነበር። ቤልጂጋዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያ ፎቶግራፎች የተነሡባቸውን ቦታዎች እየፈለጉ፣ በዚያው አቅጣጫ ቆመው እንደገና አነሱ። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ውጤቱ ብዙዎቻችንን የሚያሳፍር ነው፤ በ1860ዎቹ ኮረብታው በአብዛኛው ራቁቱን ነበር። ዛሬ ብዙ ቦታ ከዚያን ጊዜ ይልቅ የለበሰ ነው።

በወሎም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዞ ከ60 ዓመት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያየው ከድሮው የበዛ ዛፍ ነበር። ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ጸሐፊም በትምህርት ቤት ተምረን ያደግንበትን ወግ፣ «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለውን፣ መሠረቱን ፈትሾ የሚያስተማምን ማስረጃ እንደሌለው አሳይቷል። እኔም ይህን ቁጥር በጋዜጠኝነት ዘመኔ አንድ ሁለቴ ሳልመረምር ጽፌዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቅበት የሚገባኝ ነው።

*

ታዲያ ዛፉ ከበዛ ሴትየዋ ለምን ሥር ነው አሉኝ?

እዚህ ላይ ነው ውስጠ ወይራ የሚያስፈልገን። ክረሚ ያየው የበዛ ዛፍ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበር፤ ገበሬው ራሱ በደጁና በማሳው ዳር የተከለው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር እንዲያስታግሥ ነው። ውለታውን የምንክድ አንሁን፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ይሸጣል፣ ቤት ያቆማል። ብዙ ወይራና ጽድም በእሱ ምክንያት ከመጥረቢያ ድኗል። ነገር ግን ድግር አይሆንም፤ ጋን አይታጠንበትም፤ ወፍም በቅርንጫፉ ላይ ለቅማ የምትበላው ፍሬ የለውም። ከሩቅ የሚታየው ኮረብታ አረንጓዴ ነው፤ ፈልጦ ላየው ግን ልቡ ሌላ ነው።

ዛፍን በቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያየውም። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። የኔ ጥያቄ ግን የሰቆጣዋ ሴት ጥያቄ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ጋን የሚያጥነው ስንት ነው?

ሕጉም ቢሆን ወይራን ረስቷት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደኖች እንዳይቆረጡ በስም የጠራቸው አራት ዛፎች ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ነበሩ። መከበራቸው ተገቢ ነው፤ የጣውላ ዛፎች ናቸውና በመኪና ተጭነው ይወጣሉ፣ በኬላ ይያዛሉ። ወይራ ግን ጣውላ ሆና በመኪና ስትወጣ ማን አየ? የምትወጣው በኬሻ፣ በጀርባ፣ በእስር በእስር ነው። አንዱ ድግር፣ አንዱ ዱላ፣ አንዱ የጢስ እንጨት እያለ ነው ያለቀችው። ያጠፋት የሚወዳት ሰው ነው።

አንድ አዛውንት ገበሬ ታሪኩን በራሳቸው አቆጣጠር ነገሩኝ። «አባቶቻችን ሲቆርጡ ጉቶውን ይተዉት ነበር። ወይራ ጉቶው ካለ ያቆጠቁጣል፤ ልጅህ ደርሶ ይቆርጠዋል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከብቱ አለቀ፤ ለገበያ የሚወጣ ነገር የቀረው ዛፍ ነበር፣ ዛፉ ወጣ። መንግሥት ሲለወጥ ጊዜ የማኅበሩን ደን ‹የደርግ ነው› እያለ ሰው ጨፈጨፈው። አሁን ደግሞ ጉቶው ራሱ ተቆፈረ። ጉቶ ከተቆፈረ ምን ያቆጥቁጥ?» አሉኝ። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ፣ የ1977ቱ ረሃብ፣ የ1983ቱ ለውጥ በየመጽሐፉ በየምዕራፉ ተጽፈዋል። እሳቸው ግን ሁሉንም በአንድ ጉቶ ላይ አነበቡልኝ።

*

በዋግ ደጋ ያልተቆረጠ ወይራ ማየት የፈለገ ቤተ ክርስቲያን ይሳለም። በሜዳው መሐል እንደ ደሴት የቆመው አጸድ የአባቶች መቃብር ያለበት፣ ታቦት የሚከበርበት ነውና መጥረቢያ በቀላሉ አይገባውም። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ያሉትን እንዲህ ያሉ ደኖች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የዶክትሬት ሥራውን በዚሁ ላይ አቅርቧል፤ ኋላም አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ተጨምራ በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ረድተዋል። አጥሩ የሚከለክለው ከሰው ይልቅ ከብቱን ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ከሥራቸው ቡቃያ ካልተተካ ደኑ ልጅ የሌለው ሽማግሌ ነው፤ ሲያረጅ ያልቃል።

ወይራ እንዴት እንደምትተካም ተጠንቷል። ራፍ ኤርትስ የተባለ ቤልጂጋዊና የትግራይ ባልደረቦቹ ከብት በተከለከለባቸው ኮረብታዎች ላይ የወይራ ችግኞችን ተከታትለዋል። ፍሬዋን ወፎች በልተው ቁጥቋጦ ላይ ሲያርፉ ዘሩን ይጥሉታል። በቁጥቋጦው ጥላ ሥር የበቀለችው ወይራ ፀሐዩንም ፍየሉንም ታመልጣለች፤ በገላጣው ላይ የወደቀችው ትደርቃለች። ለወይራ ሞግዚት ከሚሆኑት ቁጥቋጦዎች አንዱ እኛ የማይረባ እያልን የምንመነጥረው ደደሆ ነው። ወይራን ለመመለስ ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት ደደሆውን መተው፣ ፍየሉን ማሰር፣ ወፎቹን መታገሥ ይበልጣል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ሥራ አይደለም። ባለሥልጣን መጥቶ «ዛሬ አልመነጠርኩም» ብሎ አያስመርቅም።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሲወረድ በአበርገሌ ቆላ ያለው የዕጣን ዛፍም በዚሁ በሽታ ተይዟል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ወጣት ዛፍ ስለማይተካ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ደጋው የጠላውን ጢስ፣ ቆላው የቤተ መቅደሱን ጢስ ሊያጣ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። በአውስትራሊያና በሃዋይ ይኸው የእኛ ወይራ በሰው እጅ ከተወሰደ ወዲህ ያለ ቅጥ ተባዝቶ አረም ተብሏል፤ በመርዝና በመጋዝ ያጠፉታል። እዚያ የሚበሉት ወፎች ዘሩን ይረጩታል፤ ሥሩን የሚቆፍረው ድሃ የለም። ዛፉ ደካማ ሆኖ አይደለም እንግዲህ ከእኛ ዘንድ የሚጠፋው።

*

ስመለስ እስሩን ይዤ ተመለስኩ። በመንገድ ልጥለው አስቤ ነበር፤ ከተቆፈረ በኋላ መጣሉ ለማን ይጠቅማል ብዬ ተውኩት። ለእናቴም ሴትየዋ ያሉትን ነገርኳት። ጉማጁን አየችው፣ አፈሩን በጥፍሯ ፋቀችለት። «እኔስ ቅርንጫፍ መስሎኝ ነበር» አለች፤ ከእሷ አፍ ስሰማው የራሴው ምክንያት መሰለኝ። ከዚያ ከሰሉን አቀጣጠለች፤ ማኅበርተኛ ይጠብቃልና ጋኑን ደፋችበት። ጠላው አማረ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ «ይሄ የድሮ ጠላ ነው» ብላ ሁለተኛ ጣሳ አስደገመች። እኔም ጠጣሁ። የጣፈጠኝን አልጣፈጠኝም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ከዚያ ወዲህ ከተማ ውስጥ የወይራ እንጨት የሚሸጡ ሴቶችን ሳይ ቆም እላለሁ። ዋጋ ከመጠየቄ በፊት አንስቼ አየዋለሁ፤ አፈር አለው? ጠምዛዛ ነው? «ቅርንጫፍ ነው ሥር?» እላለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ። አንዷ ግን በቀደም «እንዲህ የሚጠይቅ ገዥ ከበዛ እኮ ቅርንጫፉን ለይተን እናመጣለን» አለችኝ። ድሃ ነጋዴ ገዥዋ የሚፈልገውን ታመጣለች፤ ሥር የገዛን እኛ ነን። አንባቢም በሚቀጥለው በዓል ጋን ሲታጠን ይህችን አንዲት ጥያቄ አይርሳት።